አሽከርካሪው ማን ነበር?

ወንዳፈራሁ ባዶ ሚኒባሱን ከመሐል ሜዳ ወደ ሞላሌ ሲነዳ ጉም ውስጥ ተገለበጠበት። አጠገቡ የተቀመጠው ሾፌር ጓደኛው ደመላሽ እዚያው ሞተ።

ደብረ ብርሃን፣ የኢንሹራንሱ ቢሮ በር ላይ፣ ወንዳፈራሁን የገዛ ወንድሙ በኃይሉ ክንዱን ያዘው።

«መንጃ ፈቃድህ ጊዜው ስላለፈ ላንተ አይከፍሉም። ደመላሽ ነው የነዳው በል። የጥገናውን የመጀመሪያ አራት ሺህ ብር አንተ ትችላለህ፣ የቀረውን እነሱ ይሸፍናሉ። ያየ ሰው የለ!»

ወንዳፈራሁ፣ የደመላሽ ሚስት መንበረ ለቅሶው ላይ «ጥንቁቅ ነበር እኮ!» እያለች ደረቷን ስትደቃ ታየችው።

«ሙት ወቃሽ አልሆንም» አለና ቅጹ ላይ አሽከርካሪ በሚለው ቦታ የራሱን ስም ጻፈ።

ኢንሹራንሱ አንድ ሳንቲም አልከፈለም። የተጨማደደው መኪና ለቁራሌ ተሸጠ፤ እሱም ተፈርዶበት ታሰረ። አንድ እሑድ መንበረ ስንቅ ይዛ መጣች። አጥሩን ይዛ አብራው አለቀሰች።