አባ ሙሄ ሳያውቁ የጠየቁት

ባለፈው ክረምት ቆቦ ላይ የግጭት አፈታትና ኮቺንግ የሚሉትን ሰውን አዳምጦ የማገዝ ሥልጠና እየሰጠሁ ሳለ በአዳራሹ መስኮት የጎርፍ ሽታ ገባ። ሠልጣኞቹ ሁለት ሁለት ሆነው እየተለማመዱ ነበር፤ አንዱ ችግሩን ተናግሮ ሳይጨርስ ሌላው ምክር ይጀምራል። ከተራራ የወረደ ደለልና የረጠበ የማሽላ አገዳ የተቀላቀለበት ሽታ ነው፤ ቆላ ያደገ ሰው አይስተውም። ለሻይ ለቀቅኳቸውና መስኮቱ ሥር ቆምኩ። አባቴ የሞተው ይህ ሽታ ባለበት ቀን ነው። አባ ሙሄ ወደ ቤታችን መመላለስ የጀመሩትም ከዚያ በኋላ ነው።

የምንኖረው ሮቢት አጠገብ ነበር። ጎርፍ ሲወርድ ገበሬው ሁሉ ውሃውን ወደ ማሳው ለመጥለፍ አካፋውን ይዞ ይሮጣል። አባቴና ማሳው ከእኛ የሚዋሰን አንድ ሰው በቦዩ አፍ ላይ ተጣሉ፤ አባቴ በአካፋ ተመትቶ እዚያው ቀረ። ገዳዩ ታሰረ። በእኛ አገር ግን እስር ደም አያደርቅም። አጎቶቼ ገና ጢም ያላበቀለውን ታላቅ ወንድሜን ሞላን ለብቻው እየጠሩ ማነጋገር ጀመሩ። እናቴ ምን እንደሚሉት ታውቃለች፤ አትከለክላቸውም ነበር።

አባ ሙሄ የአካባቢው አስታራቂ ነበሩ። ቀጭን ረጅም ሰው፣ ሽርጣቸው ከቁርጭምጭሚታቸው ከፍ ያለ፣ ኮንጎ ጫማቸው በሽቦ የተጠገነ፣ መፋቂያ ከአፋቸው የማይጠፋ። በየገበያው ቀን ከቆቦ ሲመለሱ አጥራችን ጥግ ካለው የቁርቁራ ዛፍ ሥር ይቀመጣሉ። ውሃ ለምነው ይጠጣሉ እንጂ ስለ እርቅ አንድ ቃል አይተነፍሱም። እናቴ ወርቄ መጀመሪያ ጀርባዋን ሰጠቻቸው። በኋላ ሰደበቻቸው፤ ከገዳዩ ወገን ጉቦ በልተው ነው የመጡት አለች። አንገታቸውን ደፍተው ሰሟት። አንድ ቀን እሷው ደከማትና፣ “አንቱ ለምን አይናገሩም?” አለቻቸው።

“አንቺ ስትጨርሺ፣ ልጄ።”

አልጨረሰችም። እሳቸውም መምጣታቸውን አልተዉም። ማሽላው እሸት ሲሆን፣ ሞላ ወፍ ከሚጠብቅበት ማማ ወርዶ ሲያልፍ ጠሩትና አባቱ ምን ዓይነት ሰው እንደነበር ጠየቁት። እስከዚያ ድረስ ሰው ሁሉ ማድረግ ያለበትን ነግሮታል፤ ይህን የጠየቀው ግን አልነበረም። ወንድሜ አባታችን የበሬዎቹን ስም እየጠራ እንደሚያንጎራጉርላቸው፣ ያለቀ የራዲዮ ባትሪ ፀሐይ ላይ አስጥቶ ራዲዮውን እንደገና እንደሚያናግር ሲነግራቸው አለቀሰ። ከቀብሩ ወዲህ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። እናቴ ከጓሮ ቆማ ትሰማ ነበር። በሚቀጥለው ገበያ አባ ሙሄን “ይምጡ ይበሏቸው” አለቻቸው። የገዳዩ ወገኖች ድንጋይ ተሸክመው መጥተው እግሯ ላይ ወደቁ። ደሙ ደረቀ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ እወድ ነበር። ወልድያ ስማር ሳለሁ የአባ ሙሄ የመጨረሻ ልጅ በጎብዬ በኩል በግጦሽ ጠብ ተገደለ። ሽማግሌዎች ሊያስታርቁ ቢሄዱ እኒያ የእርቅ ሰው በራቸውን ዘጉባቸው። ሽማግሌዎቹ መላው ሲጠፋባቸው ወደ እናቴ መጡ። ለእረፍት ቤት ነበርኩና አብሬያት ሄድኩ። ደጃፋቸው ላይ ተቀመጠች፤ አላንኳኳችም፣ አልተጣራችም። ጀንበር ስታዘቀዝቅ በሩ ተከፈተ። አባ ሙሄ ዱላቸውን ተደግፈው ወጡና አጠገቧ ተቀመጡ።

“ወርቄ፣ ያኔ የጠየቅኩሽ ነገር ምን እንደሆነ አላውቀውም ነበር” አሏት።

“አውቃለሁ” አለች እናቴ። “ቢያውቁትማ መች ይጠይቁኝ ነበር።”

ግንባራቸውን ዱላው ላይ ደፍተው አለቀሱ። እናቴ እስኪበቃቸው ድረስ ጠበቀች።

የልጃቸውን ገዳይ ወገኖች ተቀበሉ፤ ይቅርም አሉ። ከዚያ በኋላ ግን ለእርቅ ቢጠሯቸው አልሄዱም። “ሌላ ሰው ፈልጉ፤ እኔ አሁን አውቄዋለሁ” ይሉ ነበር አሉ። ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ። እናቴ ለወላጅ አባቷ ያላለቀሰችውን ያህል አለቀሰችላቸው።

የጎርፉ ሽታ በመስኮት በገባ ዕለት የቆቦው ሥልጠና ሲያበቃ ሞላ በባጃጁ ሊወስደኝ መጣ። መንገዱን ሙሉ ስለ ነዳጅ ሰልፍ አማረረ፤ ወገቡን እንደሚያመው፣ ልጁ ትምህርት ላይ እንደሰነፈ ነገረኝ። ከኋላ ተቀምጬ አየሁት። አባታችን ለሽበት አልደረሰም። የአባ ሙሄም ልጅ አልደረሰም። ወንድሜ ግን ከጆሮው በላይ ሸብቷል።