ንፋስ አልሰጥም ያለው ፒካፕ

ያን ፒካፕ ዛሬም ሳስበው ጥርሴን ያፋጨኛል። ቀለሙ ሰማያዊ ነበር ይላሉ፤ እኔ ስደርስበት ቀለሙ አቧራ ነው። ጂንካ፣ አንድ የመንግስት መስሪያ ቤት ግቢ ውስጥ፣ ዋንዛው ስር እንደ ታመመ በሬ አንገቱን ደፍቶ ይውላል። እኔ ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ጎረምሳ ነኝ። መኪና አጥባለሁ፣ ጎማ እለጥፋለሁ፣ የተበላሸ ሲገኝ እጠግናለሁ። ስራዬ ጊዜያዊ ነው። ጊዜያዊ ማለት ዛሬ አለህ፣ ነገ «አትምጣ» ትባላለህ ማለት ነው። ያኔ በደርግ ጊዜ ደግሞ ስራ የሌለው ጎረምሳ መሆን ቀልድ አልነበረም። ቀበሌ ለጦርነቱ ወጣት ሲለቅም መጀመሪያ የሚያየው ስራ ፈቱን ነው። ከሰፈራችን ልጆች ገበያ እንደወጡ ያልተመለሱ አሉ። ስለዚህ ቋሚ መሆን ነበር የምፈልገው። ቋሚ! ሌላ ምንም አላማረኝም።

አንድ ቀን ሃላፊያችን ከመኪናው ሳይወርድ ጠራኝ። አዲስ የተሾመ፣ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ሙቀት የማይችል ሰው ነው። ሸሚዙ ከጀርባው ተጣብቋል። ዳሽቦርዱ ላይ ያሉትን የንፋስ መውጫዎች በጣቱ ያንኳኳል።

«አንተ፣ ይሄ ለጌጥ ነው የተሰራው?»

«አይደለም ጓድ፣ ንፋስ ነው የሚወጣበት።»

«ታዲያ የታለ ንፋሱ?»

እኔ አልበላሁትም ልል ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ዋጥኩት።

«ሐሙስ ቆላ፣ አርቦሬ እንወርዳለን» አለኝ። «እስከዚያ ካስተካከልከው ቋሚ አስደርግሃለሁ። ካላስተካከልከው ግን እዚህ ግቢ እንዳላይህ።»

ጀመርኩ። ማብሪያውን ሳዞረው ማራገቢያው ኡኡኡ ይላል፣ ቤቱ የተቃጠለበት ይመስል። ስለዚህ ፊውዙ ደህና ነው፣ ሞተሯም ደህና ናት። ጩኸት አለ፣ ንፋስ የለም፤ ልክ እንደ ስብሰባችን። መውጫዎቹን በካቻቢቴ ፈልቅቄ አወጣኋቸው። ወዲያና ወዲህ የሚገለበጡት የፕላስቲክ ምላሶቻቸው በአቧራ ተጋግረዋል። በሳሙና አጥቤ መለስኩ። ምንም። ከዳሽቦርዱ ስር ጭንቅላቴን ከትቼ፣ እግሬን በር ላይ አንጠልጥዬ ገባሁ። አንዱ ቱቦ ወልቋል። ከአሮጌ የውስጥ ጎማ ቆርጬ አሰርኩት። ምንም። የንፋሱን መንገድ የምትከፍተው ክዳን ሽቦዋ ተበጥሷል። ሽቦ ቀጠልኩላት። አሁንስ ብዬ የዶሮ ላባ መውጫው ፊት ያዝኩ። ላባዋ ንቅንቅ አላለችም። መኪናውን በእርግጫ መታሁት። እግሬን አመመኝ፣ እሱን ምንም አላለው።

ሹፌራችን ሽማግሌ ነው፣ ከጎፋ በኩል የመጣ። ጥላ ስር ተቀምጦ የጸሎት ቤት መዝሙር በአፍንጫው ያንጎራጉራል። ጮክ ብሎ መዘመር የሚያስጠይቅበት ዘመን ስለነበር በአፍንጫ መዘመር ለምዷል።

«ጋሼ» አልኩት፣ «ይሄን መኪና እርስዎ ነዎት የኖሩበት። ንፋስ ሰጥቶ ያውቃል?»

«ተወው።»

«ምኑን ልተወው?»

«ይሄ መኪና ንፋስ አያስፈልገውም።»

«መኪናው ባያስፈልገው ሰውየው ያስፈልገዋላ!»

«ሰውየው ይለምዳል» አለና ወደ መዝሙሩ ተመለሰ።

ደሜ ፈላ። ቋሚ ሆኜ መሪውን እንዳልቀማው ፈርቶ ነው አልኩ። ደግሜ ጠየቅኩት፣ አሁንም «ተወው»። ሰው አንዲት ቃል ይዞ እንዴት ይኖራል?

ረቡዕ ከሰዓት ኮፈኑን ከፈትኩ። ከኮፈኑ ጀርባ፣ ከፊት መስታወቱ ስር፣ የውጪው ንፋስ የሚገባበት ቀዳዳ አለ። ላዩ ላይ የነበረው ወንፊት ዝጎ ተበልቶ አልቋል። እጄን እስከ ክርኔ ከተትኩ። ለስላሳ ነገር ነካሁ። የሞተ አይጥ ነው ብዬ ዓይኔን ጨፍኜ ሳብኩት። አይጥ አይደለም። ተጣጥፎ የተጠቀጠቀ የማዳበሪያ ቁራጭ ነው፣ ዙሪያውን በሰም የተመረገ። ሰሙ ገና ማር ማር ይሸታል። ይሄን ንፋስ አላመጣውም፣ ሰው ነው ያደረገው!

«ጋሼ! ይሄ ምንድን ነው?»

ሽማግሌው ማዳበሪያውን አየ፣ ቀጥሎ የሃላፊውን መስኮት አየ፣ ከዚያ ጎንበስ ብሎ ምንም ያልሆነ ጎማ መመርመር ጀመረ።

«እኔ ምን አውቄ። የመንግስት መኪና ነው» አለኝ።

በንዴት ቆሻሻ የሚቃጠልበት እሳት ውስጥ ወረወርኩት። ሰሙ ቦግ አለ። ማብሪያውን ሳዞር ላባዋ ከእጄ ተነጥቃ በረረች። ሃላፊው መጣ፣ ፊቱን መውጫው ላይ ደቅኖ ዓይኑን ጨፈነ።

«ጎሽ! ከአርቦሬ ስንመለስ ያንተን ጉዳይ እንጨርሳለን።»

ሐሙስ ጠዋት ኮሌታ ያላትን አንዲቷን ሸሚዜን ለብሼ መጣሁ። ንፋሱን ትቆጣጠራለህ ተብዬ ከፊት መሃል ተቀመጥኩ፣ ማርሹ በጉልበቶቼ መሃል። እስከ ቀይ አፈር ከተማ ገነት ነበር። ሃላፊው ስለ አዲስ አበባ ያወራል፣ እኔ ቋሚ ሆኜ በቀበሌ በር ላይ ደረቴን ነፍቼ ሳልፍ ይታየኛል። ወደ ወይጦ ቁልቁል ስንጀምር ሹፌሩ የበሩን መስታወት ዘጋ። ሃላፊውም ለአቧራው ብሎ ዘጋ።

መጀመሪያ አቧራው መጣ፣ በመስኮት ሳይሆን በዳሽቦርዱ፣ ቀጥታ ሰውየው አፍ ውስጥ። ከዚያ አንድ ዝንብ ከመውጫው ብቅ አለች። ተራ ዝንብ አይደለችም፤ የገንዲ ዝንብ ናት፣ ከብት የምትጨርሰው፣ ሱሪ ላይ ሆና ሥጋ የምታገኘው። መኪና ሲሮጥ ካየች ትከተላለች። ሁለተኛዋ ተከተለች፣ ከዚያ መቁጠር ተውን። ማራገቢያውን አጠፋሁ፣ ግን መኪናው ራሱ እየሮጠ በዚያ ቀዳዳ ይውጣቸዋል።

«ኧረ በላኝ! አቁም!» ሃላፊው ራሱን በኮፍያው ይደበድባል። «አንተ ምን አይነት ንፋስ ነው የሰራህልኝ?»

ቆምን። ሹፌሩና እኔ ኮፈኑን ከፍተን ጭንቅላታችንን አጋጠምን። ያኔ ገባኝ። ማዳበሪያው ለዚህ ነበር!

«ለምን አልነገሩኝም?» አልኩት፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«የመንግስት ንብረት በማዳበሪያ ደፍኛለሁ ብዬ? የሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ግለሂስ አውርድ ልባል?»

«ለኔ በጆሮዬ መንገር አቃተዎት?»

«ያንተ አፍ? ጂንካ ያወራኸው እዚህ ወይጦ ይሰማል።»

«እሺ አሁን በምን እንድፈነው?»

ሽማግሌው ሸሚዜን አየ። እኔም የሱን አየሁ። የሱ ቀዳዳ ከጨርቅ ይበዛል። አንገቴ ላይ የተቀመጠችውን ዝንብ በጥፊ ብዬ፣ እየተሳደብኩ አወለቅኩ። ኮሌታዬን ጠቅልዬ እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ጠቀጠቅኩ።

«ቀድሞ ምን ነበረበት እዚያ?» አለ ሃላፊው በመስኮት።

ሹፌሩ ቀጥ አለ። አንድ ቃል ብናገር እሱ ያልቅለታል፣ እኔ ነጻ እወጣለሁ። ንዴቴ ተናገር ተናገር ይለኛል።

«ቅጠልና አቧራ ነበር ጓድ» አልኩ።

አርቦሬ ላይ ሃላፊው የላይኛው ከንፈሩ አብጦ፣ አንድ ዓይኑ ጠቦ፣ ስለ ማሽላ ዘር ንግግር አደረገ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ በአስተርጓሚ «ማር ሲቆርጥ ነው?» ብሎ ጠየቀ። አስተርጓሚው ሳቁን እንደምንም ይዞ ነገረው። ሃላፊው ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። ራቁት ደረቴን ይዤ ከሰው ኋላ ተደበቅኩ። ያን ጊዜ ቋሚነቴን ቀበርኩት።

በማግስቱ ስንመለስ ከቀይ አፈር በላይ ዝናብ ያዘን። ብርድ ነው። የሶስታችን ትንፋሽ የፊት መስታወቱን እንደ ወተት አነጣው። ሹፌሩ በገደሉ አፋፍ በግምት ነው የሚነዳው። ሃላፊው በመሃረቡ ይጠርጋል፣ ወዲያው ተመልሶ ይነጣል።

«ንፋሱን ክፈቱት!»

ከፈትኩ። ኡኡኡ አለ። ምንም።

«ይሄ ልጅ አስተካከልኩ አላለም ነበር እንዴ?»

በቃኝ።

«ጓድ! ቆላ ላይ ዝጋ ይላሉ፣ ደጋ ላይ ክፈት ይላሉ! ይሄ መኪና አንድ ቀዳዳ ነው ያለው፣ አገሩ ግን ሁለት ነው! ታች ሲወርዱ የሚደፍን፣ ላይ ሲወጡ የሚነቅል ሰው ያስፈልገዋል እንጂ እኔ ምን ላድርግ? ያባርሩኝ!»

ሹፌሩ አቆመ። በሃላፊው ጉልበት ላይ ተሻግሬ ዝናቡ ውስጥ ወጣሁ፣ ኮፈኑን ከፍቼ ሸሚዜን መዥርጬ አወጣሁ። ስመለስ መስታወቱ ከዳር እየጠራ ነው። ወደ ገደሉ የቀረን የአንድ ጎማ ስፋት ነበር። ሶስታችንም አየነው።

ከዚያ ያ «ተወው» ብቻ የሚያውቅ ሽማግሌ አፉን ከፈተ። «ጓድ፣ ይሄን ልጅ ካልያዝን እኔ ቆላ አልወርድም። ያ ጉድጓድ ጠባብ ነው፣ የኔ እጅ አይገባበትም።»

አይገባም! ማን ሆነና የጠቀጠቀው!

ሃላፊው ያበጠ ከንፈሩን ዳሰሰ። «እሺ፣ ቋሚ ይሁን» አለ፣ ጨው ጨምሩበት እንደሚል ሰው።

እንግዲህ ቱቦ የቋጠርኩት፣ ሽቦ የቀጠልኩት፣ ላባ ይዤ የዋልኩት ለምንም ነበር። የተቀጠርኩት ለሸሚዜ ነው። ንብረት ክፍል ሄጄ ለመኪናው ቁራጭ ማዳበሪያ ስጡኝ ብል፣ ምን ሊደረግበት ነው፣ አስፈቅድ አሉኝ። ማን ያስፈቅዳል? ስለዚህ ዱስ ወደምትባል የቆላ መንደር ስንሄድም፣ ሌላ ጊዜ ስንወርድም፣ ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ሲደርስ ሽማግሌው መኪናውን ዳር ያስይዝና፣ መዝሙሩን ያቆምና፣ ሳይስቅ እንዲህ ይለኛል፦

«ኢንጂነር፣ አውልቅ።»