የዘርፌ «አንድም»

በንፋስ መውጫ፣ ከመናኸሪያው ወደ ገበያው ሲወረድ፣ ንፋስ እንዳይገለብጠው ቆርቆሮው ላይ ድንጋይ የተጫነበት ረዘም ያለ ቤት ነበረ። ቪዲዮ ቤት ነው። ባለቤቷ ዘርፌ ይስማው ትባላለች፤ አርባ ዓመት የሞላት፣ ቀጠን ያለች፣ አንዴ ከቆረጠች በበሬ ቢጎትቷት የማትመለስ ሴት ነች። ነገሩ የሆነው ስልኩ ሁሉ ሲኒማ ቤት ሳይሆን፣ ፊልም በሲዲ በሚዞርበት ጊዜ ነው። የከተማው ሰው ዛሬም ያን ቤት ሲያነሳ ስለ ፊልሞቹ ብዙም አይናገርም። የሚያነሳው የዘርፌን አፍ ነው።

ያን አፍ ያልሰማ ሰው የቀረበት ነገር አለ። በገበያ ቀን አግዳሚዎቹ ጢም ብለው ሲሞሉ፣ ዘርፌ ከቴሌቪዥኑ ጎን ትቆምና ድምፁን ዝቅ ታደርገዋለች። ከዚያ የሕንድ ፊልሙ ተዋናይ አፉን በከፈተ ቁጥር እሷ ታወራለታለች። ሲቆጣ ትቆጣለታለች፣ ሲለማመጥ ትለማመጥለታለች። ሽማግሌ ሲሆን ድምጿ ይሻክራል፣ ሙሽራ ስትሆን አንገቷን ትደፋለች። ገብስ ሸጦ፣ አህያውን አስሮ የገባ ገበሬ ሁለት ሰዓት ተኩል ሙሉ ትንፍሽ አይልም ነበር።

ልማዱን የጀመረችው ሳታስበው ነው። የመጀመሪያው የሕንድ ሲዲ ያለ ትርጉም ሲመጣ፣ ተመልካቹ እርስ በርሱ «ምን አለ? ምን አለች?» እያለ ቤቱ የገበያ ጫጫታ ሆነ። ገንዘባችንን መልሱ ሊሉ ምንም አልቀራቸውም። ዘርፌ ብድግ አለችና «እናቱ መታመሟን እየነገረችው ነው» አለች። ዝም አሉ። ዝም ማለታቸው ደስ አላትና ቀጠለች፤ «አንድም፣ አልታመመችም፤ እንዳይሄድባት ነው።»

ይህቺን «አንድም» ያገኘቻት ከአባቷ ነው። መሪጌታ ይስማው በዚያው አገር ባለችው በቤተ ልሔም ደብር አካባቢ ወንበር ዘርግተው መጽሐፍ የሚተረጉሙ ሰው ነበሩ። አንድ ኃይለ ቃል ያነባሉ፣ ምን ማለት እንደሆነ ይናገራሉ፤ ቀጥለው «አንድም» ይሉና ሌላ ፍቺ ያመጣሉ፤ አሁንም «አንድም»። ዘርፌ ከተማሪዎቹ ጋር የምትቀመጥበት ቦታ አልነበራትም። ቢሆንም ጆሮ ማንም አይከለክልምና ከአጥሩ ወዲያ ሆና እንክርዳድ እየለቀመች ትሰማ ነበር። ኃይለ ቃሉ አብዛኛው ጠፍቶባታል። አንድም ማለቱ ግን ምላሷ ላይ ቀረ።

እንግዲህ ጉዱ እዚህ ላይ ነው፤ ዘርፌ ሕንድኛ አታውቅም። አንዲት ቃል እንኳ አታውቅም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የተናገረችው ሁሉ ከራሷ ሆድ የወጣ ነው። የተዋናዩን ፊት ታያለች፣ እጁን ታያለች፣ የቀረውን ትሞላለች። ውሸታም ናት የሚል ካለ መብቱ ነው፤ እኔ ግን እውነት ተናግረው እንዲህ ሰው ያዳመጣቸውን ብዙ አላየሁም። እሷ ራሷ እንደ እኔ አልቀለላትም። ገበሬዎቹ «እንዴት ያለ ቋንቋ ነው የሰጠሽ፣ የመሪጌታ ልጅ» ባሏት ቁጥር ፊቷ እስከ ጆሮዋ ድረስ በእፍረት ይግላል። አባቷ አንድ ሰው አዋቂ ነኝ ሲል መጀመሪያ የሚጠይቁት «ከማን ተማርኸው?» ብለው ነበር። እሷን እንዲያ ብሎ የሚጠይቃት ቢመጣ የምትጠራው መምህር የላትም።

በዘጠነኛው ዓመት፣ ፋሲካ አልፎ ጾሙን ተዘግቶ የከረመው ቤት ሲከፈት፣ ሁለት መንገድ ፊቷ ተደቀነ።

አንደኛውን ያመጣው አዩብ ነው። አዩብ በከተማው ጨርቅ የሚነግድ፣ በዓመት አንዴ ዱባይ ደርሶ የሚመለስ፣ ቀልዱ የማያልቅ ሰው ነው። ከሚቀጥለው የገበያ ቀን በኋላ ሰኞ ይነሳል። «አንድ ካርቶን የሕንድ ኦሪጅናል ላምጣልሽ» አላት። «አዲስ የወጣ ነው፣ አዲስ አበባ እንኳ ያልገባ። ዓመቱን ሙሉ ይበቃሻል። እሁድ ማታ ድረስ ቁርጡን ንገሪኝ።»

ሁለተኛውን ያመጣው ታናሽ ወንድሟ ናትናኤል ነው። ማጫወቻውን የሚጠግን፣ በሩ ላይ የሚቆም፣ ሲዲ የሚያከራይ እሱ ነው። «እታለም፣ የሕንዱ ነገር አልቋል» አላት። «አሁን የአማርኛ ፊልም በየሳምንቱ እየወጣ ነው። የኛው ሰው፣ በኛው ቋንቋ። መካነ ኢየሱስ ከተማ ያለው ቪዲዮ ቤት ከአማርኛ ሌላ አያሳይም አሉ፤ ቆሞ የሚያይ ሁላ አለ።»

ለሁለቱም የሚሆን አቅም አልነበራቸውም። አንዱን መምረጥ ግድ ነው። ዘርፌ ምርጫው የሲዲ ብቻ እንዳልሆነ ገብቷታል። የሕንዱን ካስመጣች ስትናገር ትኖራለች፣ ስትዋሽም ትኖራለች። የአማርኛውን ከገዛች ከውሸቱ ትገላገላለች፤ ግን በአማርኛ የሚያወራን ሰው ማን ያስተረጉማል? አፏ ያኔ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ በዚያ ቤት ውስጥ ከበር ዘበኛ የምትለይበት ነገር የለም።

ሰው ስላለ አምና የምትቀመጥ ሴት አይደለችም። ማግስቱን በጠዋት ሚኒባስ ተሳፍራ፣ ደብረ ታቦር ላይ መኪና ቀይራ፣ ከቀትር በኋላ መካነ ኢየሱስ ወረደች። ቪዲዮ ቤቱን ጠይቃ አገኘችና እንደማንም ከፍላ ገባች፤ ከኋላ አግዳሚ ላይ ነጠላዋን ተከናንባ ተቀመጠች። አመጣጧ እንከን ለመፈለግ ነበር።

ፊልሙ ልብስ አጥባ ልጇን ስላስተማረች አንዲት የአዲስ አበባ ሴት ነው። ልጅቱ ጓደኞቿ ፊት በእናቷ ታፍራለች። ዘርፌ መጀመሪያ ላይ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ አስቸገራት፤ አንድ ሰው አፉን ሲከፍት ልትቀድመው ትላለች። እያደር ተወችው። መሐል ላይ እናትየዋ ልጇን «እኔን ለሰው ስታሳዪ ማን ናት ብለሽ ነው?» ብላ ጠየቀቻት። ዘርፌ አለቀሰች። ለእናትየዋ ብቻ አይደለም ያለቀሰችው። ዘጠኝ ዓመት ለሌላው ስታወራ፣ ለእሷ ያወራላት አንድም ሰው አልነበረም። ዛሬ ቁጭ ብላ ሰማች፤ ቃሉ ተቆርሶ ሳይሆን ሙሉውን መጣላት።

«በቃ» አለች ለራሷ ስትወጣ። ያንኑ ፊልም ከባለቤቱ ገዝታ በቦርሳዋ ይዛ ተመለሰች። ለናትናኤል «በገበያ ቀን ይኸን እናሳያለን። ከወደዱት የአዩብ ነገር ያበቃል» አለችው። ናትናኤል ደስታውን መደበቅ አቃተው።

የገበያ ቀን ደረሰ፤ ቤቱ ሞላ። ዘርፌ ፊልሙን አስገብታ፣ ድምፁን ከፍ አድርጋ፣ ዘጠኝ ዓመት ከቆመችበት ቦታ ተነስታ ከኋላ ሄዳ ተቀመጠች። ሰዉ ዘወር ዘወር እያለ አያት። «ዛሬ አማርኛ ነው፣ አዳምጡ» አለቻቸው። አዳመጡ። የከተማው ወጣት ሳቀ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ አደረጉ። እውነቱን ለመናገር ፊልሙን ወደዱት። ናትናኤል በሩ ላይ ሆኖ ዓይኗን እየፈለገ «አላልኩሽም?» ይላታል። እሷም ቁርጡን ይዛ ነበር፤ እሁድን ሳትጠብቅ ለአዩብ ልትነግረው።

ፊልሙ ሳያልቅ አንድ ሰው ተነሳና ወጣ። አያ አገኘሁ ናቸው፤ ከቆላው ጫፍ አራት ሰዓት በእግር ተጉዘው የሚመጡ፣ ፊት አግዳሚ ላይ የማይታጡ ሽማግሌ። ዘርፌ ደነገጠች። ተከትላቸው ወጣች፤ አህያቸውን ሲፈቱ ደረሰችባቸው።

«አያ አገኘሁ፣ አመመዎት እንዴ?»

«ኧረ ደህና ነኝ።»

«ፊልሙ አስጠላዎት?»

«ምን ያስጠላል። ጥሩ ነው። ሁሉም ገባኝ።» ገመዱን ጠቀለሉ። «አንቺ ዝም አልሽሳ?»

«በአማርኛ እያወራ እኔ ምን እላለሁ?»

«እሱስ ልክ ነሽ» አሉና አህያቸውን ለመንዳት ዱላቸውን አነሱ። ያኔ ዘርፌ ያልጠበቀችው ነገር ከአፏ ወጣ። ዛሬ ካልተናገረችው መቼም እንደማትናገረው ታውቋታል።

«አያ አገኘሁ፣ እኔ ሕንድኛ አላውቅም። አንድ ቀንም አውቄ አላውቅም። የተናገርሁት ሁሉ ከራሴ ነው።»

ሽማግሌው ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋደሙትና አዩዋት። ፊታቸው ላይ ምንም ድንጋጤ አልነበረም።

«እሱንማ ካወቅነው ስድስት ዓመታችን» አሉ። «አዲስ ሲዲ ሳይመጣ የቀረ ጊዜ፣ ያንኑ የሁለቱን ወንድማማቾች ፊልም ሁለት ገበያ ደጋግመሽ አሳየሽን። መጀመሪያ አባትየው የሞተው በንዳድ ነበር። በሳምንቱ ደግሞ በድንበር ክርክር ተናድዶ ሞተ። አንድ ሰው ሁለት ዓይነት ሞት ይሞታል? ስንሄድ መንገዱን ሙሉ ስንስቅ ነው የሄድን።»

ዘርፌ የምትገባበት ጠፋት። «ታዲያ አውቃችሁ ለምን ትመጡ ነበር?»

«ሌላውን እንጃ። እኔን ከጠየቅሽኝ ለክርክሩ ነው የመጣሁ።»

ያኔ ትዝ አላት። በዚያን ሳምንት ፊልሙ እስኪጀመር አግዳሚ ላይ ተቀምጠው፣ ጎረቤታቸው ድንበር ገፍቶ ሁለት ጥማድ መሬት እንደወሰደባቸው፣ ወረዳ ሲመላለሱ ጫማቸው ማለቁን ለጎናቸው ሰው ሲያወሩ ሰምታለች። ሰምታም ዝም አላለችም። ሕንዱን ሽማግሌ ዳኛ ፊት አቁማ፣ አያ አገኘሁ ዳኛ ፊት ሊሉት ፈልገው ያልቻሉትን ሁሉ አናገረችው። ዳኛውንም አናገረችው፤ መሬቱን መለሰለት። ሕንዱ የሞተው ፈርደውለት፣ ደስታው ከንዴቱ ጋር ተጋጭቶ ነው ብላ ነበር። አንድም፣ ልጆቹ መሬቱን እንዳይካፈሉ ፈርቶ ነው ብላለች።

«ይቅር ይበሉኝ» አለች። «የእርስዎን ነገር ሰርቄ ነው። ደግሞም በኋላ ፍርድ ቤት እንደተረቱ ሰምቻለሁ።»

«ተረታሁ» አሉ አያ አገኘሁ። «ይግባኝም ብዬ ተረታሁ። መሬቱንም ይኸው እሱ ያርሰዋል።» አህያዋን በዱላቸው ነካ አደረጓት፤ ሄደች፤ እሳቸውም ተከተሏት። ጥቂት ተራምደው ሳይዞሩ ተናገሩ። «ያን ቀን ግን ረትቻለሁ። መቶ ሰው እያየ።»

ዘርፌ መንገዱ መሐል ቆማ ቀረች። ባጃጅ ጥሩምባውን እየነፋባት ዞሯት ሄደ። ከዚያ ወደ ቪዲዮ ቤቱ አልተመለሰችም፤ ቀጥ ብላ አዩብ ሱቅ ገባች።

«ካርቶኑን አምጣ» አለችው። «ግን በምንም ቋንቋ የተተረጎመ እንዳታመጣብኝ። ድፍኑን ነው የምፈልገው።»

አዩብ ጨርቅ እየለካ ነበር፤ ሜትሩን አስቀመጠ። ሳቅ ሳቅ ብሎታል። «ዘርፌ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። እኔ ዱባይ ሕንዶች ጋ ስንት ዓመት የሠራሁ ሰው ነኝ። ሕንድኛ እሰማለሁ።»

«ስለዚህ ታውቃለህ።»

«ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ።»

«አንተም ዝም አልህ?»

«ምን ልበል? ሕንዱ ካለው አንቺ ያልሽው ይሻል ነበር።»

ሌላ ቀን ቢሆን በዚህ ትስቅ ነበር። አሁን አልሳቀችም። በሱቁ በር ወደ ገበያው የሚያልፈውን ሰው አየች። ሁሉም ያውቁ ነበር፤ የማያውቅ የመሰላት እሷ ብቻ ነበረች። ዘጠኝ ዓመት የተሸከመችው እፍረት ተነሳላት፤ በምትኩ ሌላ ከበድ ያለ ነገር ተቀመጠባት። ካሁን በኋላ ለሕንዱ ብቻ እንደምትተረጉም አድርጋ ልትናገር አትችልም። የሰውን ነገር ይዛ እንደቆመች አውቃ መናገር አለባት።

ቤት ስትመለስ ፊልሙ አልቆ፣ ናትናኤል አግዳሚዎቹን እያስተካከለ ነበር። ነገረችው። ፊቱ ወደቀ። «እታለም፣ ወደዱት እኮ። በዓይንሽ አይተሻል።»

«አይቻለሁ። እኔም ወድጀዋለሁ፤ መካነ ኢየሱስ ተቀምጬ አልቅሻለሁ። ፊልሙ ምንም አልጎደለውም።»

«ታዲያ?»

«አዲስ አበባ ያለችው እናት የሚናገርላት አግኝታለች። ከቆላ የሚመጣው ሰው ገና አላገኘም። የአማርኛውን አንተ አከራይ፤ አቅም በተገኘ ጊዜ እንገዛለን። የገበያ ቀን ግን የኔ ነው።»

ናትናኤል ሁለት ቀን አኮረፈ። በሦስተኛው ቀን ለመጪው ገበያ ማስታወቂያ እንዲጽፍ ጠራችው። ከቀሩት አሮጌ የሕንድ ሲዲዎች አንዱን መርጣለች። ናትናኤል በጠመኔ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የፊልሙን ስም ጻፈና፣ ከሥሩ ሁልጊዜ የሚጽፈውን «ትርጉም፦ በዘርፌ» ብሎ ጀመረ።

«ትርጉም የሚለውን አጥፋው» አለችው።

በመዳፉ አጠፋው። «ምን ልበል ታዲያ?»

ዘርፌ ጠመኔውን ከእጁ ተቀበለችው፤ ጽሕፈቷ የአራተኛ ክፍል ነው፣ ፊደሎቹ ሽቅብ ይሄዱባታል። ሰው ሁሉ ሊያነበው በሚችል መጠን፣ በትልቁ፣ «ዘርፌ እንደነገረችው» ብላ ጻፈችና ሰሌዳውን በገዛ እጇ በሩ ላይ ሰቀለችው።