ከአራት ማዕዘኑ የወጡ ልጆች

ቀነኒሳ ዋቅጅራ ያስተምርበት የነበረው ትምህርት ቤት የተሠራው አባቱ ጤፍ ይዘሩበት በነበረው መሬት ላይ ነው፤ ከሰሚት ወዲያ፣ ዛሬ ለሚ ኩራ በሚባለው ክፍለ ከተማ። በ2004 ዓ.ም. እኔም እዚያ እንግሊዝኛ አስተምር ስለነበር ነገሩን ከሰው አልሰማሁትም።

ኮንዶሚኒየሙ ሲሠራ እርሻው ተወሰደ። ለአቶ ዋቅጅራ ቤታቸውና የላሞቹ በረት ብቻ ቀረላቸው። ልጃቸው ከኮሌጅ ተመርቆ ሲመጣ የተመደበው እዚያው ሆነ። አልወደደውም። በእረፍት ሰዓት ከእኛ ጋር ሻይ አይጠጣም፤ የኮንዶሚኒየም ልጆችን በስማቸው አይጠራም፣ “አንተ፣ ብሎክ ሃያ” ነበር የሚላቸው። ጂኦግራፊ ሲያስተምር ግን የሚያህለው አልነበረም።

አንድ ቀን የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቹን ሜዳ አውጥቶ በኖራ እኩል እኩል አራት ማዕዘኖች አሰመረ። “እያንዳንዱን አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር በሉት። አንድ ልጅ ደግሞ አሥር ሰው ነው።” አውሮፓ ላይ ሦስት ልጆች አቆመ። አፍሪካ ላይም ሦስት። ልጆቹ አላመኑትም፤ አፍሪካ በጣም የምትበልጥ መስሏቸው ነበር። እስያ ላይ ከአሥር በላይ አጨቀ። ለኦሽኒያ ግማሽ ልጅ ስለማይገኝ የአንዱን ቦርሳ ወረወረበት። እኔ ከክፍሌ መስኮት አያለሁ።

“የአፍሪካና የአውሮፓ የሕዝብ ጥግግት ተቀራራቢ ከሆነ ልዩነቱ የት ላይ ነው?” አለ። “እድገቱ ላይ ነው። እናንተ ወልዳችሁ ልጆቻችሁ ለትምህርት ሲደርሱ፣ የአፍሪካዎቹ ሦስት ስድስት ይሆናሉ። አውሮፓ ያው ሦስት ነው።”

ሮሃ የምትባል ልጅ እጇን አወጣች። “ቲቸር፣ ታዲያ የኛ ሰፈር የተጨናነቀው ገበሬዎቹ ብዙ ስለሚወልዱ ነው?”

ልጅቷ መጽሐፍ ላይ ያነበበችውን ነው የጠየቀችው። ግን ከኋላ ሳቅ ተሰማ፤ ቀነኒሳ ደግሞ ለአባቱ ሰባተኛ ልጅ ነው። ፊቱ ተለዋወጠ።

“እዚህ ቀበሌ የተወለዳችሁ እጃችሁን አውጡ” አለ። ከሰማንያ ልጅ አራት እጅ ወጣ። አዲስ አራት ማዕዘን አስምሮ አስገባቸው። “ይሄ ሰፈር ይሄን ያህል ነበር። የቀራችሁት በወሊድ አልመጣችሁም፣ በአይሱዙ ተጭናችሁ ነው የመጣችሁት። ከመስመሩ ውጡ።”

ሌሎቹን አጥሩ ሥር ፀሐይ ላይ ደርድሮ እስኪደወል ድረስ አላስገባቸውም። ሮሃን ነሰራት። የሸሚዟን ፊት ደም አለበሰው።

በማግስቱ እናቷ ሄሊና መጣች። ኤርፖርት ካርጎ ክፍል ነው የምትሠራው፤ የሥራ ጃኬቷን እንኳ አላወለቀችም። ርዕሰ መምህራችን ወይዘሮ አዝመራ ቀነኒሳን አስጠሩት። የእነሮሃ ክፍል ኃላፊ ስለነበርኩ እኔም ገባሁ።

“መምህር፣ እስኪ ይንገሩኝ፤ ልጄ ምን አጠፋች?”

“ጠየቀችኝ፣ መለስኩላት።”

“ፀሐይ ላይ በማቆም?”

“ፍልሰት ምን እንደሆነ ነው ያሳየኋቸው። መጽሐፉ ላይ አለ።”

ሄሊና እርስዎ ማለቷን ተወችው። “ስማ፤ እኔ ካዛንቺስ ነው የተወለድኩት። ቤታችን ሲፈርስ ይሄን ሰፈር መርጬ የመጣሁ መሰለህ? ዕጣ ነው ያመጣኝ። የአባትህ እርሻ መሆኑን የነገረኝ የለም። ልጄማ ከየት ታውቀዋለች?”

“አሁን አወቀችው” አለ ቀነኒሳ።

ሄሊና ወንበሯን ገፍታ ተነሳች። ወይዘሮ አዝመራ መሃላቸው ባይገቡ ትመታው ነበር።

ክፍሉ ፊት ይቅርታ እንዲጠይቅ ታዘዘ። ከሰዓት በኋላ ገብቶ፣ “ፀሐይ ላይ ማቆሜ ጥፋት ነው። ያልኩት ግን እውነት ነው” ብሎ ወደ ሰሌዳው ዞረ። ሮሃ ደብተሯን ሰብስባ ወጣች። ግማሹ ክፍል ተከትሏት ወጣ።

ወሬው ብሎኮቹን ሁሉ አዳረሰ። አቶ ዋቅጅራ ወተት የሚሸጡት ለእነዚያው ሰዎች ነበር፤ ሳምንት ሳይሞላ ደጃቸው ጭር አለ። እኔ ወተቱን አልተውኩም። አንድ ማለዳ ስደርስ አባትና ልጅ በረቱ በር ላይ ተፋጠዋል። የሚነጋገሩት በኦሮምኛ ነው፤ የአምቦ ልጅ ስለሆንኩ ይገባኛል።

“ማን ላከህ?” አሉት ሽማግሌው።

“አባ፣ መሬቱ የኛ ነበር።”

“የኔ ነበር። ከበሬ ኋላ የዋልኩት እኔ ነኝ፤ አንተ ትምህርት ላይ ነበርክ። ንዴቱም የኔ ነው። በሰው ልጅ ላይ ተወጣልኝ አልኩህ?”

“እርስዎ ዝም ስላሉ ነው።”

“ዝም አላልኩም። እዚሁ ቁጭ ብዬ እየኖርኩ ነው። ወተቱ እየተደፋ ነው፣ አየኸው? ማደሪያህን ሌላ ቦታ ፈልግ።”

ቀነኒሳ ዞር ሲል እኔን አየኝ። “ወተትህን ቅዳና ሂድ” አለኝ። ከዚያ ወዲህ በትምህርት ቤትም ሰላምታ አልሰጠኝም።

ክረምት ላይ በከተማዋ ምዕራብ ጫፍ ወዳለ ትምህርት ቤት አዛወሩት። እሱ ከሄደ በኋላ የወተቱ ደንበኞች ቀስ በቀስ ተመለሱ። ሄሊና ግን የታሸገ ወተት ከሱቅ መግዛቷን አልተወችም፤ አቶ ዋቅጅራ ደጅ ሲያገኟት ሰላም ቢሏትም አትመልስም ነበር።

በዓመቱ ረስቶ የሄደውን የመጻሕፍት ካርቶን ይዤለት ሄድኩ። ብዙ ተከራይ በሚጋራው ግቢ አንዲት ክፍል ይዟል። ውሃ የመጣበት ቀን ስለነበር ሰው ቧንቧው ላይ ተሰልፏል፤ ቀነኒሳም ጀሪካኑን እግሩ ሥር አስቀምጦ ከሰልፉ አጠገብ ቆሟል። አንዲት ነባር ሴትዮ ባልዲዋን እየቀዳች፣ “እናንተ ከየአቅጣጫው እየመጣችሁ ሞላችሁት እንጂ ይሄ ውሃ ለእኛ ይበቃን ነበር” አለችው፣ ሁሉም እየሰማ።

የሚመልስላት መስሎኝ ጠበቅኩ። እሱ ግን ጀሪካኑን አንስቶ ከሰልፉ መጨረሻ ቆመ። ካርቶኑን ሳሳየው በአገጩ ወደ በሩ ጠቆመኝ፤ ግባ አላለኝም። እዚያው አስቀምጬለት ተመለስኩ።