የወረቀት ፈረሶች

ባለፈው ሐሙስ እስራኤል ውስጥ በኔታንያ ማዕከላዊ አውቶቡስ ጣቢያ ተሰልፌ ሳለሁ፣ አንድ ሽማግሌ በዕድሜ የምትበልጠኝን ሞተር ብስክሌት እያንደቀደቀ አለፈና የተቃጠለ የጉሎ ዘይት ሽታ ለቀቀብን። ሌላው ሰው አፍንጫውን ያዘ፤ እኔ ግን ተናደድኩ። ሽታው የሰፈራችን የነቬ ኢታማር ሕንፃ ደረጃ ሽታ ነው፤ አባቴና ጎረቤታችን አያ ደሴ ሻባት፣ የቅዳሜው ሰንበት፣ ሲገባ ታጥበው ነጭ ከለበሱ በኋላ እንኳ ከቆዳቸው የማይለቅ የነበረው።

ሁለቱም ኤቨን የሁዳ ዳር አሮጌ የውድድር መኪኖችን ለሚሰበስብ አንድ ሀብታም ይሠሩ ነበር። ባላባይት ይሉታል፣ ባለቤቱን ማለታቸው ነው። እነዚያን በጉሎ ዘይት የሚቀቡ ሞተሮች ፈትተው፣ አጥበው፣ መልሰው ይገጥማሉ። አባቴ በሱዳን በኩል በእግሩ የመጣ የቀጥቃጭ ልጅ ነው፤ ብረትን በጆሮው ያውቃል፣ ማወቁንም ሳይጠየቅ ይናገራል። ከሥራችን ያለው ፎቅ ላይ የሚኖረው አያ ደሴ የመጣው ከእኛ ብዙ ዘግይቶ ነው፤ አያቶቹ የአይሁድ ሃይማኖታቸውን ትተው ክርስቲያን ሆነው ነበር፣ እሱ ተመልሶ ገባ። አባቴ ይህን አንድ ቀንም አልረሳለትም፤ ግን በአፉ አያነሳውም፣ ስለ ሞተር ይናገራል እንጂ።

ጠባቸው በሁለት ሞተሮች ላይ ነበር። አያ ደሴ የሚሠራበት የጣሊያን ሞተር ወረቀቱ ሦስት መቶ የፈረስ ጉልበት አለኝ ይላል፤ የአባቴ የእንግሊዝ ሞተር ግን ሁለት መቶ ስልሳ ብቻ። ሻባት ከሰዓት፣ ጎረቤቱ ሁሉ ደረጃው ላይ ተቀምጦ የሱፍ ፍሬ ሲፈለቅቅ፣ አባቴ ይጀምራል። ጣሊያኖች ሞተሩን ከመኪናው አውጥተው፣ ማራገቢያውንና የጭስ ማውጫውን፣ ጉልበት የሚበላውን ሁሉ ነቅለው፣ ራቁቱን ጠረጴዛ ላይ ለአንድ ትንፋሽ ያስጮሁትና ቁጥሩን ይጽፋሉ ይላል፤ እንግሊዞቹ ግን የሚለኩት ሸክሙን እንደተሸከመ ነው። ያን ሁሉ ፈረስ የት አሰሩት፣ ገብሱንስ ማን ቻለው እያለ ሰው ያስቅበታል። አያ ደሴም አይተኛለትም፤ እግሩ የከዳው ሰው ሩጫ አልወድም እንደሚለው፣ እንግሊዙም ትንሽ ቁጥር የጻፈው ከዚያ በላይ ስለሌለው ነው ይላል። እኔ ግጥም መግጠም የተማርኩት ከዚያ ደረጃ ነው፤ ሌላ ያስተማረኝ የለም።

አንድ በጋ ላይ ባላባይቱ ክርክሩ ሰለቸውና ሁለቱን መኪኖች ከአባቴና ከአያ ደሴ ጋር ወደ መለኪያው አስወሰዳቸው። መለኪያው ጎማቸው በብረት በርሜል ላይ እየተሽከረከረ እውነተኛው ጉልበታቸው የሚታይበት ማሽን ነው። እንግሊዙ ከወረቀቱ ጥቂት ጎደለ። ጣሊያኑ ብዙ ጎደለ፤ እንደዚያም ሆኖ እንግሊዙን በለጠው። ውሸታምም ነበር፣ ብርቱም ነበር። አባቴ ግን ይዞ የመጣው ግማሹን ወሬ ብቻ ነው፤ ስንት እንደጎደለ ለሰፈሩ ሁሉ ተናገረ፣ ማን እንደበለጠ ዋጠው።

በዚያው ወር ወንድሜ ዮሲ የአያ ደሴን ልጅ ወርቄን ላግባ አለ። ሽማግሌ ይዘን ወደ ታች ወረድን። በእኛ ልማድ ከሠርግ በፊት ዘር ይቆጠራል፤ ዝምድና እንዳይገኝ ሰባት ቤት ድረስ ስም ይጠራል። አያ ደሴ በገዛ ሳሎኑ፣ የጸሎት ቤታችን ቄስ ባሉበት፣ ተነሥቶ አባቱን፣ አያቱን፣ ቅድመ አያቱን እያለ በዝግታ ወረደ። ሰባተኛው ላይ ሲደርስ አባቴ ፈገግ አለ። ያን ፈገግታ ከደረጃው አውቀዋለሁ።

«ደሴ፣ ይኸማ እንደ ጣሊያኑ ሞተር ነው» አለ። «ወረቀት ላይ ስንት ፈረስ አለ። ማን ለካልህ?»

የሳቀ ሰው አልነበረም።

«አብረን አይደል የለካነው» አለ አያ ደሴ ቀስ ብሎ። «የቱ በለጠ?»

ከዚያ ሄዶ በሩን ከፈተልን።

ቄሱ አባቴን አንዲት የይቅርታ ቃል ተናገር ብለው ለመኑት። ቀልዴን ነው ከማለት አላለፈም። በዘር ቆጠራ ላይ የተጣለ ጥርጣሬ ግን በእኛ ዘንድ ቀልድ አይሆንም፤ ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ሰዎች ለአያ ደሴ ሻባት ሻሎም ሲሉት እንኳ ዓይናቸውን ይሰብሩ ነበር። ቤቱን ሸጦ ሄደ። ዮሲና ወርቄ ቤርሼቫ ተጋቡ፤ አባቴን የጠራው የለም። እኔ ተጠርቼ ሄድኩ፣ ጨፈርኩም፣ ስመለስ መጨፈሬን ነገርኩት።

ዛሬም ሻባት ከሰዓት ደረጃው ላይ ይቀመጣል። የድሮው ጎረቤት ግማሹ ሞቷል፣ ግማሹ ለቋል፤ አዲሶቹ በስልካቸው እያወሩ በላዩ ይሻገራሉ። ስለ ሞተሩ ቢጀምርም የሚመልስለት ሰው የለም፣ እኔም አልመልስለትም።

ባለፈው ፋሲካ ዮሲ ልጁን ለመጀመሪያ ጊዜ ይዞት መጣ። አባቴ ልጁን ፊቱ አቆመና፣ ሽማግሌ ሁሉ ልጅን እንደሚጠይቀው፣ የማን ልጅ ነህ አለው። ልጁ ተዘጋጅቶ ነበር። ዕብራይስጥ በተጫነው አማርኛ ከእናቱ ጀምሮ፣ ከወርቄ ወደ ደሴ፣ ከደሴ ወደ ደሴ አባት፣ በጣቱ እየቆጠረ ሰባት ቤት ሳይደናቀፍ ዘለቀ። ያስጠናው አያ ደሴ ነው።

አባቴ እስኪጨርስ ጠበቀ። «በአባትህስ በኩል?»

ልጁ ዮሲን አየ፣ እኔን አየ።

«ዮሲ» አለ፣ አንድ ጣቱን አውጥቶ። ሌላ ጣት አላወጣም።