ዶሮ ታንሸራሽር የነበረችው እህቴ

ስልኩ ሲጮህ የመጋረጃ ጠርዝ እየዘመዘምኩ ነበር። የደወለችው የእህቴ የሥራ ባልደረባ ናት። ሁለቱ በአንድ ላውንደሪ ውስጥ ጎን ለጎን ቆመው ልብስ ሲተኩሱ ዓመታት አሳልፈዋል።

«ተቀመጪ እስቲ» አለችኝ።

«ተቀምጫለሁ።»

ከኋላዋ የካውያው እንፋሎት ሲተነፍስ ይሰማኛል።

«አንሶላ እያጣጠፍን ነበር» አለች በመጨረሻ። «እሷ በዚያ ጫፍ፣ እኔ በዚህ ጫፍ። ጫፉን ለቀቀችው። እኔ ደግሞ የምትቀልድ መስሎኝ ‹ምነው፣ ከአሁኑ ደከመሽ?› አልኳት።»

ሐኪም ቤት ሳትደርስ ነው ያረፈችው። ስልኩን ዘጋሁና የጀመርኩትን ጠርዝ ጨረስኩ፤ ክሩን ቋጠርኩ፤ የስፌት መኪናዬን ሸፈንኩ። ከዚያ ወደ እናታችን ሄድኩ።

እህቴ ታላቄ ናት። እትዬ ነበር የምላት። ስለ እሷ ለመጻፍ ስነሳ ብዙ የሚወራ ነገር አላገኘሁም። ጠዋት ወጥታ ሌሎች ሰዎች የሚለብሱትን ስትተኩስ ትውላለች፤ ማታ ትመለሳለች። ሰፈርተኛው የሚያውቃት ግን በአንድ ነገር ነው፦ ዶሮ ጠብሳ፣ በምሳ ዕቃ ዘግታ፣ በፎጣ ጠቅልላ፣ መንገድ ለመንገድ ይዛው ትዞር ነበር። ይስቁባት ነበር። እሷም አብራቸው ትስቅ ነበር።

ነገሩ የሚጀምረው ከአባታችን ነው። አባባ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነበር። የመስመሩ መጨረሻ ፌርማታ ፊት ለፊት አንዲት ጠባብ የቻይና ምግብ ቤት ነበረች። ወንበር የላትም፤ በመስኮት ይታዘዛል፣ በካርቶን ተዘግቶ ይሰጣል። አባባ ደሞዝ የተቀበለ ዕለት ከመጨረሻው ዙር በፊት ያቺን መስኮት ያንኳኳል። የሚገዛው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ ተቆራርጦ የተጠበሰ፣ ጣፈጥም ኮምጠጥም ያለ ስጎ የለበሰ ዶሮ። ካርቶኑን ከመቀመጫው አጠገብ ካለው የሞተር ክዳን ላይ ያስቀምጠዋል። በዚያ ሙቀትና በዚያ ንዝረት ከተማውን ከዳር እስከ ዳር አቋርጦ ነው ዶሮው ቤታችን የሚገባው።

ክዳኑን የምትከፍተው እማዬ ናት። እኛ አንገታችንን አስግገን እንጠብቃለን። ዝንጅብሉ፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ያረረ ስኳር የሚመስለው ሽታ ቤቱን ይሞላዋል።

«ተሳፋሪው ሁሉ በአፍንጫው በልቶታል» ይላል አባባ ኮቱን ሳያወልቅ። «ለእናንተ የተረፈው ይሄ ነው።»

«ታዲያ ለሽታውም ትኬት አስቆረጥካቸው?» ትለዋለች እማዬ።

ጡረታ ከወጣ በኋላም በተሳፋሪነት ሄዶ፣ ካርቶኑን ጭኑ ላይ አድርጎ ያመጣ ነበር። ከዚያ አባባ ሞተ። ምግብ ቤቷም ብዙ አልቆየች፤ ባልና ሚስቱ አርጅተው መስኮቱን ዘጉት።

እማዬ ከዚያ ወዲህ ወደ ማዕድ አልቀረበችም። የምንበላው ኩሽና ውስጥ ካለችው ጠረጴዛ ላይ ነበር፤ እሷ ግን ኩሽናውን ተወችው። አልጋዋ ጫፍ ላይ ትቀመጣለች፣ የቀረበላትን በሹካ ወዲያ ወዲህ ታደርጋለች፣ «ጠግቤያለሁ» ትላለች። አንድ ቀን ፊቷን ስትታጠብ የጋብቻ ቀለበቷ ከጣቷ ሾልኮ ወደቀ። እትዬ ከመታጠቢያው ውስጥ አወጣችው፤ እማዬ መልሳ ልታጠልቀው ብትል አልይዝ አላት።

እትዬ ከእማዬ ጋር ነበር የምትኖረው። አላገባችም። ሰው ሲነዘንዛት «እኔ ካውያ አግብቻለሁ፤ ሲቆጣም ቢሆን ከማቃጠል አያልፍም» ትላለች። የቀለበቱ ነገር ግን እንቅልፍ ነሳት። አንድ ቅዳሜ ከአልጋው አጠገብ ተንበርክካ «እማ፣ አፍሽ ላይ ምን መጣልሽ? ምን ልሥራልሽ?» አለቻት።

እማዬ ብዙ አሰበች። «የአባትሽን ዶሮ» አለች።

እትዬ በዕድሜዋ የቻይና ምግብ ሠርታ አታውቅም። ጠይቃ ጠያይቃ ጀመረች። የጭን ሥጋውን ከአጥንቱ ትለይና በጉርሻ ልክ ትቆርጠዋለች። በሶያ ሶስና በእንቁላል ነጭ ታሸዋለች፣ ኮርንፍላወር ላይ ታንከባልለዋለች። በጋለ ዘይት ትጠብሳለች፤ አውጥታ ታሳርፈውና እንዲንኮሻኮሽ ደግማ ትጠብሰዋለች። ለስጎው ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት፣ አንድ ሁለት ፍሬ ደረቅ በርበሬ፣ አቼቶ፣ ስኳር፣ ትንሽ ካቻፕ። በላዩ ሰሊጥ ትበትንበታለች። እኔ እሷ ጋ በሄድኩ ቁጥር ቀማሽ ነኝ። እውነቴን ነው፣ ይጥም ነበር።

እማዬ አንዱን ቁራጭ ቀስ ብላ ታኝካለች። «ጥሩ ነው ልጄ» ትላለች። «ግን እሱ አይደለም።» ሹካውን ታስቀምጣለች።

እትዬ ሸሚዝ ስትተኩስ ከአንገትጌ ነው የምትጀምረው፤ አንገትጌው ከተቃና ሌላው ተከትሎ ይቃናል ትላለች። «የዚህ ዶሮ አንገትጌው ስጎው ነው» ብላ ደመደመች። በየሳምንቱ ስጎውን ትነካካለች። አቼቶ ቀነሰች፣ እሱ አይደለም። ስኳሩን አቃጥላ ጨመረች፣ እሱ አይደለም። በካቻፕ ፈንታ ቲማቲም አበሰለች፤ ያን ቀን እማዬ «ይሄስ ጭራሽ ጎረቤቱም አይደለም» አለቻት።

«ዛሬስ?» እላታለሁ በስልክ።

«ዛሬም እሱ አይደለም። ይሄን ‹እሱ› የሚባል ሰውዬ አንድ ቀን መንገድ ላይ ባገኘው አልለቀውም።»

ትስቃለች። ግን እማዬ እየቀለለች ነበር። ስደግፋት በእጄ ይታወቀኛል።

አንድ ቅዳሜ የእነሱ ምድጃ ተበላሸ። እትዬ ሥጋውን በፌስታል አንጠልጥላ እኔ ቤት መጣች። በእኔ ምድጃ፣ በእኔ መጥበሻ ጠበሰችው። ጀርባዋን ሰጥታኝ «አንቺ ልጅ፣ ይሄን መጥበሻ ከየትኛው ጦርነት ነው ያመጣሽው?» እያለች። ሲያልቅ ምሳ ዕቃዬ ውስጥ ከታ፣ እንዳይቀዘቅዝ በፎጣ ጠቅልላ አውቶቡስ ተሳፈረች። መንገዱ ተዘጋግቶ ነበርና ዘገየች።

ሲመሽ ደወለች። «በላች።»

«ማን?»

«ማን ልትሆን ነው! እማ በላች እያልኩሽ ነው! ምሳ ዕቃውን በጣቷ ጠረገችው። ‹አገኘሽው› አለችኝ። አቼቶሽ ምን ዓይነት ነው?»

«የሁሉም ሰው አቼቶ ነው፣ እትዬ።»

«አንቺ ደግሞ ደብቂ አሉሽ። ነገ እመጣለሁ።»

መጥታ አቼቶዬን ወሰደች። መጥበሻዬንም ወሰደች። «እሱን እንኳ ተዪልኝ፣ በምን ልጠብስ?» ብላት «እናትሽ ትበልጥብሻለች ወይስ መጥበሻሽ?» ብላ ወጣች።

ምድጃው ተሠራ። በእኔ መጥበሻ፣ በእኔ አቼቶ ጠብሳ ትኩሱን ለእማዬ አቀረበች። እሱ አይደለም።

በማግስቱ መጥበሻዬን ልትመልስ ስትመጣ ፊቷ ወድቆ ነበር። ከዶሮው የተረፈውን አሙቃ ለእኔ በምሳ ዕቃ ይዛልኛለች። ክዳኑን ከፈትኩት። የክዳኑ ሆድ በውሃ ጠብታ ተሞልቷል፤ ሲንኮሻኮሽ የነበረው ቅርፊት ስጎውን ጠጥቶ ለስልሷል። አንዱን ጎረስኩ። ምሳ ዕቃውን ወደ እሷ ገፋሁት። እሷም ጎረሰች። ሁለታችንም ማኘክ አቆምን።

«አውቶቡሱ» አለች።

ከዚያ ግንባሯን በመዳፏ መታች። «እንፋሎት ነው እኮ! ዕድሜ ልኬን በእንፋሎት ስሠራ ኖሬ! ካውያው ቢሰማ ይፈታኛል።»

ያን ዕለት ሳቅን፤ ከዚያ ትንሽ ተላቀስን፤ ከዚያ የቀረውን ጨረስነው።

ከዚያ በኋላ ነው ማንሸራሸሩ የመጣው። ዶሮውን እንደ ጠበሰች በስጎው ለውሳ ትዘጋዋለች፣ በፎጣ ትጠቀልለዋለች፣ ነጠላ ጫማዋን አድርጋ ትወጣለች። ከግቢው በር እስከ ሱቁ፣ ከሱቁ እስከ መድኃኒት ቤቱ፣ ከመድኃኒት ቤቱ እስከ አውቶቡስ ፌርማታው፤ ከዚያ መመለስ።

«እዚያው ኩሽና ውስጥ ተዘግቶ ቢቆይስ?» አልኳት አንድ ቀን።

«አይሆንም። ዶሮው ከውጭ መግባት አለበት። እማ የበሩን ድምፅ መስማት አለባት።»

ባለሱቁ ደጁ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃት ነበር።

«ዛሬም ልታንሸራሽሪው ነው?»

«ምን ላድርግ፣ ቤት ውሎ ሰለቸው።»

«እኔም እኮ እዚህ ተቀምጬ ሰለቸኝ። እኔን ማን ያንሸራሽረኝ?»

«አንተን ሚስትህ ታንሸራሽርህ። ደግሞ አንተ በፎጣ አትጠቀለልም፣ አንሶላም አይበቃህ።»

እማዬ በሩ ሲከፈት ትሰማለች። አልጋዋ ላይ ቀና ትላለች። ምሳ ዕቃውን ጭኗ ላይ ታደርግና ክዳኑን ራሷ ትከፍታለች። ትበላለች። ፊቷ ተመለሰ። ቀለበቱን ግን ክር ጠቅልላበት ነው ያጠለቀችው።

እኔ በዚህ ረክቼ ነበር። እትዬ አልረካችም።

«ዕድሜዋን ሙሉ አልጋ ላይ ልትበላ ነው?» አለችኝ። «ሰው ብቻውን ሲበላ እኮ አይበላም፤ ይውጣል እንጂ። እኔ የምፈልገው ኩሽና መጥታ፣ ጠረጴዛው ላይ ከእኔ ጋ ተቀምጣ፣ ከመጥበሻው የወጣ ትኩሱን እንድትበላ ነው።»

«ትኩሱን አትወደውማ።»

«ቀስ ብዬ አስለምዳታለሁ። ሕፃን ጡት እንደሚያስጥሉት።»

ዘዴዋ ቀላል ነበር፤ መንገዱን ማሳጠር ጀመረች። እስከ ፌርማታው መሄዱን ትታ ከመድኃኒት ቤቱ ተመለሰች። እማዬ አልነቃችም፤ ወይም ነቅታ ዝም አለች። ወሩ ሲያልቅ ከሱቁ ተመለሰች፤ ባለሱቁ «ምነው፣ ዶሮው ጉልበቱን ያመዋል?» አላት። ዶሮው ትንሽ ትንሽ እያለ ትኩስና ጠንከር ያለ ሆነ፣ እማዬም በላችው። ምሳ ዕቃውንም አልጋው ላይ መስጠት አቁማ መኝታ ቤቱ በር ላይ በተቀመጠች ወንበር ላይ ታኖርላት ጀመር። ለመብላት መነሳት ግድ ሆነ። እማዬ «ይሄ ደግሞ የማን ሕግ ነው?» እያለች ተነሳች።

በመጨረሻ እትዬ እስከ ግቢው በር ብቻ ሄዳ መመለስ ጀመረች። በሩን ከፍታ ትዘጋለች፣ ያ ነው።

እትዬ ከማረፏ በፊት በነበረው ቅዳሜ እኔም እዚያው ነበርኩ። ጠረጴዛው ላይ ሦስት ሳህን ዘርግታለች፤ ራሷ ግን ምድጃው አጠገብ ቆማ ከመጥበሻው ትለቅማለች። ዘወር ስል እማዬ ኩሽናው በር ላይ ቆማለች። አንድ እጇ መቃኑን ይዟል። እዚያ ቦታ ከቆመች ስንት ጊዜዋ ነው!

«ለምንድነው ቆመሽ የምትበይው?» አለቻት።

«ወንበሮቹ አኩርፈውኝ። ‹እማ ካልመጣች አናስቀምጥም› አሉ።»

እማዬ ወንበሮቹን አየች። የአባባ ወንበር መስኮቱ ሥር ናት። እትዬ አንድ ቁራጭ በሹካ ወግታ፣ እፍ እፍ ብላ ዘረጋችላት። እማዬ አልተቀበለችም፤ አልተቆጣችምም።

«በሚቀጥለው» አለች። ተመልሳ ሄደች።

እትዬ ሹካውን እንደያዘች ወደ እኔ ዞረች። እንደዚያ ስትደሰት አይቻት አላውቅም። «ሰምተሻል? ‹በሚቀጥለው› አለች። አንቺ ምስክር ነሽ።»

የሚቀጥለው ቅዳሜ ሳይደርስ ያ ላውንደሪ ውስጥ ጫፉን የለቀቀችው አንሶላ መጣ።

አሁን ከእማዬ ጋር የምኖረው እኔ ነኝ። የስፌት መኪናዬን አምጥቼ ኮሪደሩ ላይ አቁሜዋለሁ። መጀመሪያ ላይ እማዬ ውሃ ብቻ ነበር የምትቀበለኝ። አልነዘነዝኳትም። አንድ ቅዳሜ ዶሮ ገዝቼ ገባሁ። እትዬ ስታደርግ እንዳየሁት ቆራርጬ አሸሁ፣ ጠበስኩ፣ አሳረፍኩ፣ ደግሜ ጠበስኩ። ዘይቱ እጄን ሁለት ቦታ አቃጠለኝ። በምሳ ዕቃ ዘግቼ፣ በፎጣ ጠቅልዬ ወጣሁ። እስከ ፌርማታው ድረስ ሄድኩ፤ እማዬ ወደ አልጋዋ ተመልሳለችና መንገዱም ወደ መጀመሪያው መመለስ ነበረበት።

ባለሱቁ ሲያየኝ ከመቀመጫው ተነሳ። አልቀለደም። እስካልፍ ድረስ ቆሞ ጠበቀኝ።

ስመለስ በሩን ጮክ አድርጌ ከፈትኩት። እማዬ ቀና ብላ ነበር። ምሳ ዕቃውን ጭኗ ላይ አስቀመጥኩላት። ክዳኑን ለመክፈት ብዙ ቆየች። ከዚያ ጥቂት በላች።

«ስኳር ታበዢያለሽ» አለችኝ። «እህትሽ እንዲህ አታበዛም።»

«እቀንሳለሁ፣ እማ።»

ቀነስኩ። ባለሱቁም በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቅዳሜ «አንቺ ደግሞ ቶሎ ቶሎ ትራመጃለሽ፤ ዶሮውን ታስደነግጪዋለሽ» አለኝ። ደስ አለኝ፤ ለእማዬም ነገርኳት። ፈገግ አለች።

እንደ እትዬ መንገዱን እያሳጠርኩ አሁን የምመለሰው ከመድኃኒት ቤቱ ነው። ከዚያ ወዲህ፣ እስከ ሱቁም፣ እስከ ግቢው በርም፣ ገና አላሳጠርኩትም። እማዬ የምትበላው አልጋዋ ላይ ነው። ኩሽናው ውስጥ ተቀምጣ ትኩሱን እስካሁን አልበላችም።