ከጉድጓዱ አፋፍ የተቀመጠው ሰው

አንኮበር ላይ ልጅ ሳለሁ ነቢዩ ኤርምያስ በየዓመቱ፣ በሰሙነ ሕማማት ረቡዕ ምሽት፣ ጉድጓድ ይጣልና እስከ ቅዳሜ ሳይወጣ ይቆይብን ነበር። የሚጥሉትም የሚያወጡትም አያቴ ናቸው። አባባ ከቤታችን ከፍ ብላ ባለችው ደብር ዕድሜያቸውን ሙሉ የቀደሱ ቄስ ነበሩ፤ ስለ ጅብና ስለ ጦጣ እያወሩ ሲያስቁን ይከርሙና ሕማማት ሲገባ ተረቱን ሁሉ ዘግተው ኤርምያስን ብቻ ያመጡልናል። ያኔ ቀኑን ሲሰግዱ ውለው ጉልበታቸውን እያሹ ይገባሉ፣ እናቴ እርጥብ የባሕር ዛፍ ጭራሮ ምድጃው ላይ ትጨምርና ቤቱ በጢስ ይታፈናል፣ ከገደሉ ሥር የሚወጣው ጉምም በበሩ ስንጥቅ እየገባ ከጢሱ ጋር ይደባለቃል፣ እኔና ሁለቱ ወንድሞቼ ዓይናችንን እየጠራረግን እግራቸው ሥር እንኮለኮላለን። ያን ሳምንት መስቀል መሳለም ስለሌለ የአባባ እጅ ባዶ መስሎ ያስፈራኝ ነበር።

ሰኞና ማክሰኞ ኤርምያስ ይናገራል፣ ማንም አይሰማውም። አባባ እዚህ ላይ ቆጣ ይላሉ፤ አሁን ሳስበው በሰበካ ጉባኤው ስብሰባ ያልሰሟቸውን ሰዎች እያሰቡ ሳይሆን አይቀርም። ረቡዕ መኳንንቱ ነቢዩን ይይዙትና ውሃ የሌለበት፣ ጭቃ ብቻ የሞላው ጉድጓድ ውስጥ ያወርዱታል። ይህን እንደተናገሩ ኩራዙን እፍ ብለው ያጠፉትና፣ ፍሙ ብቻ እየታየን፣ «እንግዲህ እዚያው ነው» ብለው ይነሣሉ። ሐሙስ ጉልባን ይበላል እንጂ ስለ ኤርምያስ አንድ ቃል የለም። ዓርብ ስቅለት ነው፤ ማን ደፍሮ ይጠይቃል? ቅዳሜ ቄጠማ ራሳችን ላይ አስረን ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ነው ያ ያገራችን ሰው፣ በንጉሡ ቤት የሚያገለግለው ኢትዮጵያዊ አቤሜሌክ፣ ገመድና አሮጌ ጨርቅ ይዞ የሚመጣው።

ጨርቁን የምናዋጣው እኛ ነን። ከሰኞ ጀምረን እያንዳንዳችን ቡትቶ ስንፈልግ እንሰነብታለን፤ አንድ ዓመት ታናሽ ወንድሜ የእናቴን ደህና ሻሽ ቀድዶ በሕማማት የማይገባ ቁጣ ወርዶበታል። አባባ ጨርቁን እያጣጠፉ በየተራ ብብታችን ሥር ይወትፉልንና «ገመዱ እንዳይልጠው ነው፤ ሰው ሲያወጡት እንኳ ያማል» እያሉ ከመሬት ብድግ ያደርጉናል። በእሳቸው አነጋገር ግን ኤርምያስ ወዲያው አልወጣም። ገመዱ ሲወርድለት «ተወኝ፣ ደክሞኛል፤ ብወጣስ ማን ይሰማኛል?» አለ። አቤሜሌክ አላስገደደውም። «እንግዲያው እኔም እዚሁ ነኝ» ብሎ ገመዱን እንደያዘ ከጉድጓዱ አፋፍ ቁጭ አለ። ቀን ፀሐይ፣ ማታ ብርድ መታው፣ መንገደኛ ሁሉ ሳቀበት፤ አልተነሣም። በመጨረሻ ኤርምያስ ቀና ብሎ ቢያየው አሳዘነውና ክንዱን አንሥቶ ጨርቁን ብብቱ ሥር አደረገ። ከታሪኩ ሁሉ እኔ የምወደው ይህንን ነበር።

አምና፣ ደብረ ብርሃን የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ሆኜ፣ መምህራችን ከዕብራውያን ነቢያት አንዱን መርጠን ሕይወቱንና ትምህርቱን መርምረን እንድንጽፍ አዘዘችን። ጓደኞቼ ኤልያስን ሲሻሙ እኔ ኤርምያስን ያዝኩ። ቤተ ዘመድ የማገኝ ያህል ነበር ደስ ያለኝ። ሦስት ሳምንት በዚያ በሚያንቀጠቅጥ የደብረ ብርሃን ብርድ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ጋቢ ለብሼ ስለ ይሁዳ ነገሥታት፣ ስለ ባቢሎን ከበባ፣ ስለ ነቢዩ ልቅሶ አነበብኩና ዐሥራ ሁለት ገጽ ጻፍኩ። ከሁሉ ያማረው ሰውየው ከጉድጓዱ አፋፍ የተቀመጠበት ገጽ ነበር። ምንጭ አልጠቀስኩም። የራሱን ስም ለመናገር ማን ምንጭ ይጠቅሳል?

መምህሯ ዓርብ ዕለት ቢሮዋ ጠርታኝ ያን ገጽ ከፍታ ጠበቀችኝ። በቀይ ከብባዋለች።

«ይሄንን ከየት አመጣሽው?»

«ታሪኩ ላይ አለ» አልኳት፣ እንዲያውም መጠየቋ ገርሞኝ።

«የለም። ጨርቁን አወረደለት፣ ጎተቱት፣ ወጣ፤ በቃ። የተቀመጠ ሰው የለም። ነገርን ከሥሩ ነው የሚባለው እህቴ፤ እስከ ሰኞ ጠዋት ምንጩን አምጪ፣ ካጣሽ ገጹን አውጪው።»

ማደሪያዬ ገብቼ ምዕራፉን እንደገና አነበብኩት። እውነቷን ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሳነበው ዓይኔ ከራሱ ጨምሮ ሰውየውን ሲያስቀምጠው ነበር። አፈርኩ፤ ከዚያም በላይ አንድ የማውቀው ሰው ሞቶ መርዶውን ዘግይቼ የሰማሁ መሰለኝ። ያለኝ ምንጭ አንድ ነው፤ እሱም አንኮበር ተኝቷል። አባባ ከጥምቀት በኋላ ቀኝ ጎናቸው ከድቷቸው፣ ምላሳቸው ተይዞ አልጋ ላይ ውለዋል። እኔ ከዚያ ወዲህ የሄድኩት አንዴ ብቻ ነው። ፈተና አለብኝ፣ ጽሑፍ አለብኝ እያልኩ፤ ምክንያት ለሚፈልግ ሰው ምክንያት መቼ ጠፍቶ። አሁን ግን ሥራ ስላለኝ በማግስቱ በመጀመሪያው ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

አባባ ከምድጃው አጠገብ ባለው መደብ ላይ ነበሩ። ብብታቸው ሥር ሁለት የታጠፈ አሮጌ ነጠላ ተወትፏል፤ እናቴ ለማስቀመጥ ስታነሣቸው ቆዳቸው እንዳይላጥ ብላ ነው። ወረቀቴን አውጥቼ ያን ገጽ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸውና «አባባ፣ ይህን ከየት አገኙት? ከመምህርዎ ነው የሰሙት? ከብራና ነው?» አልኳቸው። ከጉሮሯቸው አንድ ድምፅ ወጣ፤ ቃል አይደለም። ያ ሁሉ ቅዳሴ፣ ያ ሁሉ ተረት የወጣበት አፍ ነው። በግራ እጃቸው እጄን ያዙኝ፣ እንባቸው ወደ ጆሯቸው ወረደ። የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ፤ ቢሆንም ሰኞ ስላሳሰበኝ መጠየቄን አልተውኩም። «ከብራና ከሆነ ዓይንዎን ይጨፍኑ» እስከ ማለት ደረስኩ፤ እንደ መርማሪ።

እናቴ ምድጃው ጋ ሆና ስታየኝ ቆይታ ገነፈለች። «ተያቸው እንጂ! ምኑን ነው የምትጠይቂያቸው? እሱ እኮ አንቺ ነሽ!»

ከዚያ ነገረችኝ። የስድስት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ጸሎተ ሐሙስ ዕለት፣ የደረሰኝን ጉልባን ይዤ ከጓሮ ወዳለው አሮጌ የእህል ጉድጓድ ሄጄ፣ በጭብጥ በጭብጥ እየወረወርኩ ኤርምያስን አብልቼዋለሁ አሉ። ሲጠሩኝ እንቢ፣ ሲቆጡኝ እንቢ፤ ካፊያ እየመታኝ ከአፋፉ ተቀመጥኩ። አባባ ሊያስገቡኝ ቢመጡ «እሱ ሲወጣ እገባለሁ» ብያቸው እሳቸውም ጋቢያቸውን ደርበውልኝ አጠገቤ ተቀመጡ። «እስከዚያ ዓመት ኤርምያስ እንደ መጽሐፉ ወዲያው ነበር የሚወጣው» አለች እናቴ። «ያ ሰውዬ መቀመጥ የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው።»

እኔ አንዱንም አላስታውስም። ጉልባኑንም፣ ካፊያውንም። አባባን ባያቸው ደህናው የአፋቸው ጎን ፈገግ እንደማለት አለ። ሳቅሁ፣ ሳቄ ሳያልቅ ለቅሶ ሆነብኝ።

እሁድ ጠዋት ጉሙ ተገልጦ ፀሐይ ስለወጣ ደጅ ልናስቀምጣቸው አሰብን። አጥሚት ከቀመሱ ሁለት ቀናቸው ነው። እናቴ በአንድ ወገን እኔ በአንድ ወገን ብንይዛቸው ክንዳቸውን ገጥመው እንቢ አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «ይነሡ እንጂ አባባ» አልኳቸው። አልተነሡም። ያኔ ሳላስበው ከአፌ ወጣ፤ «እንግዲያው እኔም እዚሁ ነኝ» ብዬ መሬት ላይ፣ ከመደቡ ሥር፣ ልጅ ሳለሁ የምቀመጥበት ቦታ ተቀመጥኩ። ጀርባቸውን እያየሁ ረፋዱ አለፈ። ፍሙ ዐመድ ለበሰ። ጎረቤት ገብቶ ጠይቆ ወጣ። አልዞሩም። ወደ ስምንት ሰዓት ተኩል ግድም እናቴ የመጨረሻው ሚኒባስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንደሚወጣ አስታወሰችኝ፤ ሂጂም ቅሪም አላለችኝም። ሰኞ ጠዋት ጽሑፉን ማስረከብ አለብኝ። የአባባን ትከሻ ስሜ «ለፋሲካ እመጣለሁ» አልኩና ተነሣሁ።

ሰኞ ጠዋት ከገጹ ግርጌ «አያቴ፣ አንኮበር፣ በቃል የነገሩኝ» ብዬ ጽፌ አስረከብኩ። መምህሯ አንብባ፣ ነገሩን ሁሉ ሰምታኝ፣ ገጹ ይቆይ አለች፤ ያገኘሁትም ውጤት ከክፍሉ ከፍተኛው ነበር። የዚያኑ ዕለት ከሰዓት ለእናቴ ልነግራት ደወልኩ። ደስ አላት። ከዚያ እግረ መንገዷን፣ ልታስከፋኝ ሳትፈልግ፣ «ትናንት እኮ አንቺ እንደወጣሽ ዞሩ» አለችኝ። «የተቀመጥሽበትን ቦታ ሲያዩ ቆዩና ያችን ደህናዋን ክንዳቸውን አነሡልኝ። ጨርቁን አድርጌላቸው ቀና አልኩ፤ ብቻዬን ግን አልቻልኳቸውም። መልሼ አስተኛኋቸው።»

አባባ ለፋሲካ አልደረሱም። ስለ ኤርምያስ የጻፍኩት ጽሑፍ ሻንጣዬ ውስጥ አለ፤ ከነቢዩ ይልቅ ስለዚያ ሰውዬ የጻፍኩት ይበልጣል። ከተረቶቻቸው ብዙው ጠፍቶብኛል፤ የጅቡ ከጦጣው ተደባልቆብኛል። የጢሱ ሽታ ግን አለ፣ ኩራዙ ጠፍቶ ፍሙ ብቻ ሲቀር የነበረው ፍርሃትም አለ። በስድስት ዓመቴ ካፊያ እየመታኝ፣ ማንም ሳያስተምረኝ፣ መቀመጥ እችል ነበር አሉ። በሃያ አንድ ዓመቴ ሚኒባሱ ሊወጣ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ተነሣሁ።